የላበ መስታወት፦ በክረምት ኤሲ ስለማብራት

(ይህ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኒባስና ለሜትር ታክሲ ሾፌሮች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ዝናብ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የክረምት ምሽት ሰው ታክሲ የሚሻማበት ሰዓት ነው። እዚህ መቀመጣችሁ ገቢ እያሳጣችሁ መሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ስትገቡ በር ላይ ቆሜ "ዛሬ ኤሲ አብርታችኋል?" እያልኩ ስጠይቅ ነበር። አብዛኞቻችሁ ገርሟችሁ አያችሁኝ። አንድ ወንድሜ "በዚህ ብርድ? ተሳፋሪውን ላሳምመው ነው እንዴ?" አለኝ። አልፈርድበትም። ኤሲ የቆላ ዕቃ ነው ብለን ነው ያደግነው። ወደ አዋሽ ሲወረድ፣ ወደ ሰመራ፣ ወደ ድሬዳዋ ሲኬድ ይበራል። አዲስ አበባ ላይ፣ ያውም በሐምሌ፣ ቁልፉን የሚነካው የለም።

እኔ የመኪና ኤሲ መካኒክ ነኝ። እንጀራዬ ይኸው ነው። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ዓመት እንደ እናንተው ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ምሽት ነው።

ነሐሴ ነበር። ሽሮ ሜዳ ለቅሶ ደርሰን ወደ አራት ኪሎ እየወረድን ነው። አሮጌ ኮሮላ ነበረችኝ። ከኋላ ሦስት ሰው፣ ከፊት አክስቴ። ሁሉም ጋቢያቸው ርሷል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው፣ ጃንጥላው እግራቸው ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ገና ከመነሳታችን መስታወቱ ላበ። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፈት ሳደርገው አክስቴ "ልጄ፣ ዝጋልኝ፣ ብርዱ ጆሮዬን መታኝ" አለችኝ። ዘጋሁት። ታላቅ ሰው "ብርድ መታኝ" እያለ እንዴት ይከፈታል? በእጅጌዬ እየጠረግሁ መንዳት ጀመርኩ። ጠርጌ እጄን ወደ መሪው ሳልመልስ ተመልሶ ይጎማል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ደግሞ በላበው መስታወት ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል።

በዚያ መሃል አንዲት ልጅ ራሷን በፌስታል ሸፍና መንገድ አቋረጠች። አላየኋትም። ያየሁት ፌስታሉን ነው፤ ነጭ ነገር እልም ሲል። ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናዋ ትንሽ ተንሸራተተችና ቆመች። ልጅቷ ኮፈኑን በእጇ ነክታ ነበር። ደንግጣ አየችኝና ሮጠች። አክስቴ "በስመ አብ" አለች። ከዚያ እስከ አራት ኪሎ የተናገረ የለም።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። የመኪናዋ ኤሲ ይሠራ ነበር። ራሴ ነኝ የጠገንኩት። ቁልፉ ከእጄ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። መስታወቱን የሚያጠራው ነገር አጠገቤ ተቀምጦ እኔ በእጅጌ እጠርግ ነበር።

አሁን ለምን እንደሚያጠራው ልንገራችሁ። ይህ ከገባችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አየር ውሃ ይሸከማል። ሞቃት አየር ብዙ ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ በተን መልክ ይይዛል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ መያዝ የሚችለው 9 ግራም ገደማ ነው። የቀረውን የግድ ይጥለዋል። የክረምት ሌሊት አዲስ አበባ ወደ 10 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። የፊት መስታወታችሁ ውጩ በዝናብ ይመታል፣ በንፋስ ይበርዳል። ውስጡ ደግሞ በሰው ሙቀት ይሞቃል። የውስጡ አየር መስታወቱን ሲነካ ይበርድና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ላቡ ይኸው ነው።

ውሃው ከየት መጣ? ከእኛው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ወይም 50 ግራም ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። በሚኒባስ 12 ሰው ጫኑ እንበል። በአንድ ሰዓት ግማሽ ሊትር ውሃ ማለት ነው። እርጥብ ልብሱን፣ ጃንጥላውንና ምንጣፉ ላይ የቀረውን ጭቃ አልቆጠርኩም። መስኮት ከተዘጋ ይህ ሁሉ መሄጃ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ኤሲ የሚገባው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ኢቫፖሬተር የምንለው ራዲያተር የመሰለ ዕቃ አለ። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ አምቆ የሚያዞረው ፓምፕ፣ ሲሠራ ይህ ዕቃ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከልክ በላይ እንዳይበርድ ካልተከለከለ በረዶ ይሠራል። አየሩ በእሱ መሃል ሲያልፍ ውሃውን ይጥላል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እንፋሎቱ በቀዘቀዘው ቱቦ ሲያልፍ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድ የለ? ኢቫፖሬተሩም እንደዚያው ነው። የተጠራቀመው ውሃ በቀጭን ጎማ ከመኪናው ሥር ይፈስሳል። በበጋ ከቆመ መኪና ሥር ንጹህ ውሃ አይታችሁ "ራዲያተሬ ፈሰሰ" ብላችሁ የደነገጣችሁ ትኖራላችሁ። ያ ውሃ ከአየሩ የተጨመቀ ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ኤሲና ማሞቂያ አይጣሉም። "አንዱ ያቀዘቅዛል፣ አንዱ ያሞቃል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማብራት እሳትና ውሃ መቀላቀል ነው" ይሉኛል ደንበኞቼ። አየሩ ግን ሁለቱን በተራ ነው የሚያገኛቸው። መጀመሪያ በኢቫፖሬተሩ አልፎ ውሃውን ይጥላል። ከዚያ የሞተሩ ሙቅ ውሃ በሚዞርበት ማሞቂያ አልፎ ይሞቃል። ወደ እናንተ የሚደርሰው ሞቃትና ደረቅ አየር ነው። ሞቆ የደረቀ አየር ውሃ የተጠማ አየር ነው። መስታወቱ ላይ ያገኘውን ላብ ይጠጣዋል። ተሳፋሪ አይበርደውም፤ እንዲያውም የረጠበ ልብሱ ቶሎ ይደርቅለታል። ያቺ አክስቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ስትሄድ ኤሲ መብራቱን አታውቅም። የምታውቀው መሞቋን ነው።

ማሞቂያ ብቻውን አይሠራም እያልኩ አይደለም። ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። የክረምት አየር ከውጭ ሲገባ ውሃ እንደጠገበ ነው። ብታሞቁትም ውሃው አብሮት አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ መጠበቅም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ጉዞ የሚጀምር ሾፌር ያን ሁሉ ደቂቃ በጭፍን ሊነዳ ነው? ኤሲው ግን ሞተር እንደተነሳ ሥራውን ይጀምራል።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ሳነበው ደስ ስላለኝ ነው። አየር ማቀዝቀዣ የተባለው መሣሪያ ሲፈጠር ማንንም ለማቀዝቀዝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 በኒው ዮርክ ብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት ተቸገረ። በበጋው እርጥበት ወረቀቱ ያብጥና ይሸማቀቅ ስለነበር አንዱ ቀለም በሌላው ላይ በትክክል አያርፍም። ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ የአየሩን እርጥበት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈ። የዛሬው ኤሲ ሁሉ የዘር ሐረጉ ከዚያ ነው። ከመነሻውም አየር ማድረቂያ ነበር ማለት ነው። ወደ መኪና የገባው ቆይቶ ነው። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 መኪናው ላይ ገጥሞ አቀረበው። ያኔ ኮምፕሬሰሩን ማጥፊያ ቁልፍ አልነበረውም። ባለመኪናው ኤሲ አልፈልግም ካለ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ያወልቃል። እናንተ ግን በጣት መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

አሁን መሪው ላይ እንቀመጥ። መስታወቱ ላበ። አየሩን ወደ ፊት መስታወት አዙሩት። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ይህን ስታደርጉ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ይነሳል፤ ሠሪዎቹ ነገሩን አውቀውታል። ካልተነሳ ኤሲውን አብሩ። ሙቀቱን ከፍ አድርጉ። ማራገቢያውንም ጨምሩ። ከዚያ ያቺን ቁልፍ እዩዋት፤ የመኪና ሥዕል ውስጥ ቀስት የሚዞርባትን። እሷ ከበራች የውስጡን አየር መልሳ መላልሳ ነው የምታዞረው። የ12 ሰው ትንፋሽ መውጫ አያገኝም። አጥፏት፣ የውጭ አየር ይግባ። በበጋ ከፊት ያለው መኪና ጭስ እንዳይገባ ብለን እንዘጋትና ክረምት እስኪገባ እንረሳታለን። ወደ ጋራዤ "መስታወቴ ያልባል" ብለው ከሚመጡት መኪኖች ስንቱን ይህችን ቁልፍ በመንካት ብቻ ሸኝቻለሁ። ገንዘብም አልቀበልም።

አንድ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤሲውን ጥቂት አብርታችሁ መስታወቱ ሲጠራ ወዲያው አታጥፉት። ኢቫፖሬተሩ ያኔ በውሃ ርሷል። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ያ ውሃ መልሶ ይተንና በማራገቢያው ተገፍቶ ቀጥታ መስታወታችሁ ላይ ያርፋል። ከመጀመሪያው የባሰ ይጎማል፣ ያውም በድንገት። ብዙ ሾፌር "ኤሲ ሞክሬ ባሰብኝ" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡ እስካለ፣ ሰው እስከጫናችሁ ድረስ ተዉት ይሥራ።

"ቤንዚኑስ?" ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቤንዚን የእናንተ የልጆቻችሁ ዳቦ ነው፤ ዝም ብዬ "ምንም አይወስድም" ብል ውሸት ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ነው፣ ስለዚህ ይወስዳል። ነገር ግን በሐምሌ የሚወስደው በሚያዝያ አዋሽ ላይ እንደሚወስደው አይደለም። አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኢቫፖሬተሩ ቶሎ ይበርዳል፤ ኮምፕሬሰሩም ከመሥራት ይልቅ ማረፉ ይበዛል። ይልቅ አዲስ አበባ ላይ የሚሰማችሁ ሌላ ነገር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ትንሽ ሞተር ያላት ቪትዝ አራት ሰው ጭና ሽቅብ ስትወጣ የኤሲው ሸክም ይታወቃል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ከደከመባችሁ ማርሽ ቀንሱ። አንድ ደቂቃ ልጥፋው ብትሉ ደግሞ ቅድም የነገርኳችሁ ላብ ይመጣል፣ እሱን አስቡ።

ከቤንዚኑ ጋር የማይቆጠር ሌላ ወጪ አለ። ኤሲውን ከሰኔ እስከ ጥር ሳትነኩት ኖራችሁ የካቲት ላይ ሙቀት ሲመጣ ታበሩታላችሁ። አይቀዘቅዝም። ወደ እኔ ትመጣላችሁ። እከፍተዋለሁ፣ ጋዙ የለም። ለምን መሰላችሁ? ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። ሲቆም ዘይቱም ይቆማል። በየመገጣጠሚያው ያሉት ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ጋዙ ቀስ እያለ ያመልጣል። የብዙ መኪኖች መመሪያ ብርድ ቢሆንም ኤሲውን በየወሩ ለጥቂት ደቂቃ አብሩት የሚለው ለዚህ ነው። እኔ በየሳምንቱ 10 ደቂቃ እላለሁ። የኮምፕሬሰር ዋጋ የጠየቀ ሰው አይከራከረኝም።

ስለ ጋዝ ካነሳን አይቀር፣ ይህን ልብ በሉልኝ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው። "በየዓመቱ ጋዝ ሙላ" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ይፈልግላችሁ። ይህን የምለው ስለ ኪሳችሁ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ መኪኖቻችን ውስጥ ያለው አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ አየር ላይ ሲለቀቅ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,400 ጊዜ በላይ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አዲስ መኪና በዚህ ጋዝ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። እኔ እንደ ሙያተኛ ይህ ያሳስበኛል። ጋዝ ወደ ሰማይ እየለቀቁ መክፈትን አልወደውም፣ ልጆቼንም አላስተምራቸውም።

መስታወቱ ላቡን አልተው ካለ ሌላም ምክንያት ይኖራል። የተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጥ አድርጋችሁ ንኩት። ከረጠበ የኢቫፖሬተሩ ውሃ መውረጃ ተደፍኖ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በእኛ አቧራ መደፈኑ አይገርምም። የአየር ፊልትሮውንም አውጥታችሁ እዩት። ያልተቀየረ ፊልትሮ ጭቃ የጠጣ ስፖንጅ ይሆናል፤ አየሩም አይገፋም። ጉሙ ቅባት ቅባት ካለና መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ግን ላብ አይደለም። የማሞቂያው ራዲያተር ያፈስሳል፣ አንድ ቀን አታሳድሩት። መስታወቱን ከውስጥ በንጹህ ጨርቅ በደንብ ማጽዳትም ትልቅ ነገር ነው። እድፍና የእጅ ቅባት ያለበት መስታወት ቶሎ ያልባል።

ኤሲ የሌላችሁ ወይም ኤሲው የሞተባችሁ የሚኒባስ ሾፌሮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብዙ ናችሁ። ለእናንተ ያለው መንገድ የአየር መውጫ መክፈት ነው። ከኋላ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል፣ ከፊት ማሞቂያው በሙሉ ወደ መስታወት። የሚቸግረው ተሳፋሪውን ማስማማቱ ነው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው "ወንድሜ፣ ዝጋው እባክህ" ይላል። እኔ ያየሁት ረዳቱ ድምፁን ለስለስ አድርጎ "እናቴ፣ ሾፌሩ መንገድ እንዲያይ ነው" ሲል ብዙ ሰው እሺ ይላል። የታዘዘ ሰው ይቆጣል፣ ምክንያቱ የተነገረው ሰው ይታገሳል። ጨርሶ ካልታያችሁ ግን ዳር ያዙና ቁሙ። ሁለት ደቂቃ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ ከፊት ረድፍ ላይ አያችኋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በጣም በዝታችኋል። የእናንተ ነገር ለየት ይላል። የእናንተ መኪና እንደ ቤንዚን ሞተር በነፃ የሚያሞቅ ትርፍ ሙቀት የለውም፤ ሙቀቱም ከባትሪው ነው የሚወጣው። ባትሪ በይበልጥ የሚበላው ኃይለኛ ማሞቂያው ነው። ስለዚህ ኤሲውን ለማድረቅ አብሩት፣ ሙቀቱን ግን ለብ አድርጉት፤ የወንበር ማሞቂያ ካለ እሱን ተጠቀሙ። አደራ የምለው ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር የራሱ ዘይት አለው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት። ለቤንዚን መኪና የሚሞላው ዘይት ከገባበት ያበላሸዋል፣ አደጋም አለው። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ቦታ ያልተማረ ሰው እንዳይነካላችሁ።

አሜሪካ ታክሲ የሚነዳ የአጎቴ ልጅ አለኝ፣ ሚኒሶታ ነው። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ደወልኩለት። "እኛ ጋ ከዜሮ በታች 15 ሲሆን ኤሲው እምቢ ይላል" አለኝ። ልክ ነው። በዚያ ብርድ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እንዳይሠራ መኪናው ራሱ ኮምፕሬሰሩን ይዘጋዋል። ብዙም አይጎዳቸውም። ያን ያህል የቀዘቀዘ አየር ውሃ አይሸከምም፤ በሜትር ኩብ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ከውጭ አስገብተው ሲያሞቁት በጣም ደረቅ ይሆናል። የእነሱ ትግል ከውጭ ያለውን በረዶ መፋቅ ነው። የእኛ ብርድ ግን እርጥብ ብርድ ነው። ሲገርመኝ ቆየ፤ ስለ መስታወት ላብ ከሆነ የአዲስ አበባ ሐምሌ ከሚኒሶታ ጥር ይከፋል። ኤሲ ይበልጥ የሚያስፈልገን እኛን ነው።

የጥቅምቱ ብርድስ? "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባልለት ብርድ ደረቅ ነው። ጠዋት ትንሽ ቢያልበው የውጭ አየር ማስገባትና ማሞቂያው ይበቃችኋል።

ቆላ የምትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው እንዳያደናግራችሁ። ጅቡቲ ወይም ጋምቤላ ላይ፣ የዐረብ አገርም የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ መስታወቱ ከውጭ በኩል ይልባል። እዚያ ኤሲው መስታወቱን አቀዝቅዞታል፣ እርጥበቱ ያለው ውጭ ነው። በጣታችሁ ከውስጥ ንኩት። ጣታችሁ ካልረጠበ ላቡ ከውጭ ነው። የዝናብ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ አዙሩት፣ ቅዝቃዜውንም ከመስታወቱ ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ መልሱት።

ከዚህ በላይ በቃል ባወራ ትሰለቻላችሁ። ዝናቡ እንደሆነ አልቆመም፣ ጣሪያው ላይ ይሰማችኋል። መኪናዬ በር ላይ ቆማለች። አምስታችሁ እንደረጠባችሁ ግቡባት። መስኮቱን ሁሉ ዝጉና እያወራችሁ ቆዩ፣ መስታወቱ እስኪጠፋባችሁ ድረስ። ከዚያ ቁልፉን ተጫኑና ከታች በኩል እዩ፤ መጥራት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቁልፉ ይኸው፣ ማን ይቅደም?